በአውቶማቲክ ካምቢዮ ምትክ የእጅ ካምቢዮ ሲገባ የፍላይዊል አገጣጠምና የተግባር ፈተና አመዛዘን

ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች የሚሰጠው የተግባር ፈተና፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚያውቃቸው ወርክሾፖች ዘንድ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ተሽከርካሪው በራሱ ኀይል ከወርክሾፑ በር ሲወጣ ነው። መኪናው ከሄደ ሠልጣኙ አለፈ፤ ካልሄደ ወደቀ። ይህ ልማድ ለፈታኙ ቀላል፣ ለተመልካችም ግልጽ ከመሆኑ የተነሣ ተቃዋሚ አልገጠመውም። ሆኖም ለአንዳንድ ሥራዎች ፈጽሞ የማይስማማ መመዘኛ ነው። ከእነዚህም አንዱ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ምትክ የእጅ ካምቢዮ በሚገባበት ጊዜ የሚከናወነው የፍላይዊል አገጣጠም ነው። ፍላይዊል፣ በጋራዥ አጠራር ቮላኖ፣ ከተገጠመ በኋላ በፍሪሲዮን ይሸፈናል፤ ፍሪሲዮኑም በተራው በካምቢዮው ቤት ይከደናል። ከዚያ ወዲያ ጥሩው ሥራና መጥፎው ሥራ ለተወሰነ ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ማሠልጠኛ ሠልጣኞች የአንዲት ፒክአፕ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ አውርደው በእጅ የሚቀየረውን አስገቡ። መኪናዋ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ተጨበጨበ፤ ሁሉም ከፍተኛ ነጥብ አገኙ። ሁለት ወር ያህል ከሠራች በኋላ ግን ከካምቢዮው ቤት ውስጥ የመንኳኳት ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሲፈታ ከስድስቱ የፍላይዊል ብሎኖች ሁለቱ ተቆርጠው፣ አራቱ ላልተው ተገኙ፤ ክብ የነበሩት ቀዳዳዎችም ተበልተው እንቁላል መስለዋል። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ለቀጭኑ የአውቶማቲክ ሰሌዳ የተሠሩት አጫጭር ብሎኖች ተመልሰው ለወፍራሙ ፍላይዊል መዋላቸው ታወቀ። ብሎኖቹ ገብተዋል፤ ጠብቀዋልም፤ ነገር ግን ክራንክሻፍቱን የያዙት በጥቂት ጥርስ ብቻ ነበር። ከሠልጣኞቹ መካከል የሰነፈ አልነበረም። ያስተማራቸውም፣ ነጥቡን የሰጣቸውም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው።

ጉዳዩ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ለምን ይቀርባል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ከውጭ ሀገር ያገለገሉ ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የቤት አውቶሞቢሎች ውስጥ ብዙዎቹ አውቶማቲክ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ሲወሰን፣ ቀድሞ የገቡት ለረጅም ጊዜ እየተጠገኑ መኖር እንዳለባቸው ግልጽ ሆነ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ ጥገናው ልዩ መሣሪያና ልዩ ዕውቀት ይጠይቃል። ስለዚህ ባለንብረቱ ወደ እጅ ካምቢዮ ይቀየርልኝ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ዛሬ በወርክሾፖቻችን የተቀመጠው ሠልጣኝ ይሆናል።

የፍላይዊል ተግባር

በአራት ምት በሚሠራ ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ፒስቶን ኀይል የሚሰጠው ከአራቱ ምቶች በአንዱ ብቻ ነው። በቀሩት ሦስት ምቶች አየር ለመሳብ፣ ለማመቅና ጭሱን ለማስወጣት እርሱ ራሱ ኀይል ይወስዳል። በመሆኑም የክራንክሻፍቱ ዙረት በተፈጥሮው የሚገፋና የሚጎተት እንጂ የተስተካከለ አይደለም። ፍላይዊል ይህን ለማስተካከል የተፈጠረ ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ኀይል ሲበዛ ያጠራቅማል፤ ሲያንስ ይመልሳል። መምህሩ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉባት እንዝርት በላይዋ የተሰካችው ክብ ክብደት የምትሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። ጣት አንድ ጊዜ ካሾራት በኋላ ዙረቷን ጠብቃ የምታቆየው እርሷ ናት። ቀዳዳዋ ከመሐል ፈቀቅ ያለ እንደሆነም እንዝርቷ ትንቀጠቀጣለች፤ ፈትሉም ይበጠሳል። ሠልጣኞች ይህን ከቤታቸው ያውቁታልና የሚቀጥለውን ትምህርት ለመቀበል ዝግጁ ናቸው።

ፍላይዊል በእጅ ካምቢዮ መኪና ላይ ከዚህ ሌላ ሁለት ኀላፊነቶች አሉበት። ፊቱ የፍሪሲዮን ሸራ የሚለጠፍበትና የሚፋተግበት ሰሌዳ ነው፤ ዙሪያው ደግሞ ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሣት የሚነክሰውን የጥርስ ቀለበት ይሸከማል። በአውቶማቲክ መኪና ላይ ግን ፍሪሲዮን የለም። በዘይት የተሞላው ቶርክ ኮንቨርተር ራሱ ከባድ ስለሆነ የፍላይዊልን ማመዛዘን እርሱ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ቀጭን የብረት ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ሥራውም ኮንቨርተሩን ከሞተሩ ጋር ማያያዝና የጥርስ ቀለበቱን መያዝ ነው። እንግዲህ የካምቢዮ ለውጥ ሲደረግ ይህ ቀጭን ሰሌዳ ወጥቶ በቦታው ወፍራሙ ፍላይዊል ይገባል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው።

ስለ ሚዛን

ስሕተት የሚበዛው ግን እዚህ ላይ ነው። ምሳሌውን ከሰሜን አሜሪካ መውሰድ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ምክንያቱም ይህ ለውጥ በዚያ በሰፊው የሚሠራ ከመሆኑም በላይ ልዩነቱ በቁጥር ተለይቶ የታወቀ ነው።

የፎርድ ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ 302 በሚል ቁጥር የሚጠራ፣ አምስት ሊትር ያህል ይዘት ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይሠራ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ በተሠሩት ሙስታንግ መኪናዎች ላይ ይኸው ሞተር በአንዳንዱ ከአውቶማቲክ፣ በአንዳንዱ ቲ-5 ከሚባለው ባለ አምስት ፍጥነት የእጅ ካምቢዮ ጋር ይመጣ ነበር። ባለንብረቶችም አውቶማቲኩን አውርደው ቲ-5ን ማስገባት የተለመደ ሥራ አደረጉት። የዚህ ሞተር ክራንክሻፍት ሚዛኑን በራሱ የጨረሰ አይደለም፤ የጎደለውን ክብደት ከፊት ያለው ፑሌና ከኋላ ያለው ፍላይዊል በላያቸው ተሸክመው ያሟሉለታል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ላይ ይህ የሚሟላ መጠን 28 አውንስ-ኢንች ያህል ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ክራንክሻፍቱ ሲቀልል መጠኑ ወደ 50 ከፍ አለ። የሁለቱም ዘመን ፍላይዊሎች በስድስት ብሎን ይታሰራሉ፤ ስድስቱም ቀዳዳዎች ይገጥማሉ። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ሆን ተብሎ ከቦታው ፈቀቅ እንዲል የተደረገ ስለሆነ ፍላይዊሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል። ሠሪው አቅጣጫ እንዳይሳሳት የተጠነቀቁት ፋብሪካዎች የዘመኑን ልዩነት ግን ለሠሪው ጥንቃቄ ትተውታል። ከቆሻሻ መጣያ የተገኘ የ28 ፍላይዊል በ50 ሞተር ላይ ያለ አንዳች ችግር ይታሰራል።

ውጤቱን በቁጥር ማስላት ለፊዚክስ መምህር የተመቸ ልምምድ ነው። አንድ አውንስ-ኢንች ማለት 28.35 ግራም ክብደት ከመሐል 2.54 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ የሚሰጠው መጠን ነው። በ28 እና በ50 መካከል ያለው የ22 ልዩነት፣ ከመሐል 15 ሳንቲ ሜትር በሚርቅ ቦታ ላይ የተለጠፈ 106 ግራም ያህል ብረት ማለት ይሆናል። በእጅ ሲያዝ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ግን የማዕዘን ፍጥነቱ በሴኮንድ 314 ራድያን ነው። የዚህ ፍጥነት ካሬ በክብደቱና በርቀቱ ሲባዛ 1,560 ኒውተን ያህል ኀይል ይገኛል። ይህም አንድ 160 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚጎትተው ያህል ነው፤ ልዩነቱ የዚህ ዕቃ አቅጣጫ በሴኮንድ 50 ጊዜ ዙሪያውን መሽከርከሩ ነው። ዙረቱ እጥፍ ሆኖ 6,000 ሲደርስ ኀይሉ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች ካሬ የሚለውን ቃል ከሰሌዳ ላይ እንጂ ከብረት ላይ አያውቁትምና በዚህ ቦታ ጥቂት መቆየት ይጠቅማል። ይህን ኀይል የሚሸከመው የክራንክሻፍቱ የኋላ ኩሽኔታ ነው፤ መኪናውም ወዲያው አይቆምም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄዳል፣ ቆይቶ ይጎዳል።

ብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ክራንክሻፍታቸው ሚዛኑን በራሱ የጨረሰ ስለሆነ ይህ ልዩ ችግር አይገጥማቸውም። ይሁን እንጂ ለእነርሱም ፍላይዊሉ ለብቻው ሚዛኑ የተስተካከለ መሆን አለበት፤ በቶርኖ ቤት ፊቱ የተፋቀ ወይም ክብደቱ እንዲቀንስ የተበሳ ፍላይዊል ሚዛኑ ሳይታይ መታሰር የለበትም። ስለዚህ ለሠልጣኙ የሚሰጠው ደንብ እንዲህ ሊሆን ይገባል፤ ፍላይዊል የሚመረጠው በሞተሩ ቁጥር እንጂ በመኪናው ስም ወይም በሠሌዳው ላይ በተጻፈው የሥሪት ዘመን አይደለም፤ ሞተሩ ከመኪናው ጋር የተወለደ ላይሆን ይችላልና።

የጥርስ ብዛትም እንዲሁ መታየት አለበት። በዚሁ የፎርድ ሞተር ላይ ባለ 157ና ባለ 164 ጥርስ ፍላይዊሎች ይገኛሉ፤ ስፋታቸው የተለያየ ስለሆነ የካምቢዮው ቤትና የሞተሪኖው አቀማመጥ ከተመረጠው ጋር መስማማት ይኖርበታል። በጂፕ ቼሮኪ ባለ 4.0 ሊትር ሞተር ላይ ደግሞ የሞተሩን ዙረት የሚያነብበው ሴንሰር የሚመለከተው በፍላይዊሉ ላይ የተቆረጡትን ክፍተቶች ነው። እነዚህ ክፍተቶች የሌሉት ፍላይዊል ከገባ ሞተሩ አይነሣም። ይህኛው ስሕተት ከሌሎቹ ሁሉ የሚሻል ነው ማለት ይቻላል፤ ወዲያው ይናገራልና።

አገጣጠሙ

አውቶማቲኩ ወርዶ ቀጭኑ ሰሌዳ ከተፈታ በኋላ በመጀመሪያ የሚታየው የክራንክሻፍቱ የኋላ ኦይል ሲል ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ አሁን ካልተለወጠ በኋላ ለመለወጥ ሁሉን እንደገና ማውረድ ግድ ይሆናል፤ ከሲሉ የሚወርድ ዘይትም የፍሪሲዮን ሸራን ያበላሻል። ቀጥሎ የክራንክሻፍቱ መሐል ይመረመራል። የኋላ ጎማቸው በሚነዳ ብዙ መኪናዎች ላይ ከካምቢዮው ወደ ሞተሩ የሚገባው ዘንግ ጫፉን የሚያሳርፍባት ትንሽ ኩሽኔታ ወይም የነሐስ ቀለበት ትኖራለች። መቀመጫዋ በአንዳንዱ ሞተር በክራንክሻፍቱ ጫፍ፣ በሌላው በፍላይዊሉ መሐል ነው። ለአውቶማቲክ የተሠራ ሞተር ይህችን ክፍል ስለማያስፈልገው ባዶ ሆኖ ይመጣል። የፊት ጎማቸው በሚነዳ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከነጭራሹ አታስፈልግም። ሠልጣኙ ይህን ሳያጣራ ማለፍ የለበትም፤ መጽሐፍ ከሌለ ዘንጉን አውጥቶ የጫፉን ርዝመት መለካት ይቻላል።

በሞተሩና በካምቢዮው ቤት መካከል የምትገባ ቀጭን የቆርቆሮ ጋሻ ያለችባቸው ሞተሮችም አሉ። ይህች ጋሻ ከፍላይዊሉ በፊት መግባት አለባት። ከረሷት ፍላይዊሉን ፈትቶ እንደገና ከማሰር በቀር መፍትሔ የለም። በሥራ ብዛት የሠለጠኑ ሰዎች እንኳ ሲረሷት አይተናል።

ሁለቱ ፊቶች፣ ማለትም የክራንክሻፍቱ ጫፍና የፍላይዊሉ ጀርባ፣ በሚገባ መጽዳት አለባቸው። ንጽሕናን ለማመልከት ያህል ብቻ የሚነገር እንዳይመስል በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር በሆነ የክራንክሻፍት ጫፍ በአንድ ጠርዝ ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የዝገት ቅንጣት ብትቀር፣ ስፋቱ 300 ሚሊ ሜትር በሆነው ፍላይዊል ጠርዝ ላይ ማዘንበሉ ወደ 0.19 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የብዙ ሞተሮች መጽሐፍ የሚፈቅደው 0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዐይን የማትታይ ቅንጣት ብቻዋን ሥራውን ከደንብ ታስወጣዋለች። የሦስት ማዕዘን ንጽጽር በሒሳብ ክፍል የተማረ ሠልጣኝ ይህን በራሱ ማስላት ይችላል።

ብሎኖቹ ለፍላይዊሉ የተሠሩት፣ ከተቻለም አዲስ መሆን አለባቸው። በቀድሞው ታሪካችን ያየነው ጥፋት ከዚህ የመጣ ነበር። ቀዳዳዎቹ እስከ ዘይቱ ክፍል በሚዘልቁባቸው ሞተሮች ላይ ብሎኑ ዘይት የሚያግድ ማጣበቂያ ሳይቀባ ቢገባ ዘይቱ በጥርሱ ተከትሎ ይወጣል። የማጥበቂያው መጠንም ለሁለቱ ክፍሎች አንድ አይደለም። ለምሳሌ በቶዮታ 22 አር ሞተር ላይ የአውቶማቲኩ ሰሌዳ ብሎኖች የሚጠብቁት በ83 ኒውተን ሜትር ሲሆን የፍላይዊሉ በ108 ነው፤ በፎርድ 302 ላይ የፍላይዊሉ ከ102 እስከ 115 ኒውተን ሜትር ነው። ስለዚህ አውቶማቲኩ ሲፈታ የነበረውን መጠን አስታውሶ መድገም ስሕተት ነው። አጠባበቁ ከአንዱ ብሎን ወደ ትይዩው እየተሻገረ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይፈጸማል። ፍላይዊሉ እንዳይዞር የሚያዘው በጥርሱ ላይ በሚገባ መያዣ እንጂ በካቻቪቴ አይደለም።

በዚህ ቦታ ስለ አደጋ ጥቂት መናገር ይገባል። ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም፣ ከመሐል እስከ ጠርዙ 17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍላይዊል፣ እኩል ውፍረት ያለው ክብ ነው ብለን ብናሰላው፣ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 385 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። በውስጡ የተጠራቀመው ጉልበት 28,500 ጁል ያህል ነው፤ 1,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ያላት ጉልበት ነው። ከብረት ቅልጥ የተሠራ ፍላይዊል በሙቀት ስንጥቅ ይዞ በዚህ ፍጥነት ቢፈነዳ ስብርባሪው የካምቢዮውን ቤት ቀድዶ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው የአሽከርካሪው እግር ነው። ስለዚህ ያገለገለ ፍላይዊል ፊቱ ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ምልክትና ስንጥቅ መኖሩ ሳይመረመር አይገጠምም። በቤንዚን ወይም በማጽጃ ታጥቦ በጥሩ ብርሃን ይታያል፤ ጥርጣሬ ካለ ይጣላል። ሠልጣኞች ሞተሩ ካምቢዮው ሳይከደን በሚነሣበት ጊዜም በፍላይዊሉ ጎን መቆም አይፈቀድላቸውም።

የፍሪሲዮኑ አገጣጠም፣ የፔዳሉና የዘይት ቱቦው ሥራ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ስለ ካምቢዮው የሚጠብቀው መልእክት፣ እነዚህ ሁሉ ራሳቸውን የቻሉ ትምህርቶች ስለሆኑ እዚህ አንገባባቸውም። ሸራው በማማከያ ዘንግ መሐል ለመሐል መቀመጡን ብቻ እንጠቅሳለን፤ ካልተቀመጠ ካምቢዮው አይገባም፤ በጉልበት ለማስገባት የሚሞክር ሠልጣኝም ሸራውን ያጣምማል።

ስለ ነጥብ አሰጣጥ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚያመለክተው፣ የዚህ ሥራ ጥራት የሚታየው ከመከደኑ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓቶች ብቻ መሆኑን ነው። ስለሆነም ነጥቡ በእነዚያ ሰዓቶች መሰጠት ይኖርበታል። በእኛ ወርክሾፕ ከዚያ ጥፋት በኋላ የተደረገው ይህ ነው፤ ሠልጣኙ ፍላይዊሉን ከማንሣቱ በፊት አሮጌውንና አዲሱን ብሎን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ልዩነቱን ለመምህሩ በቃሉ ያስረዳል። ፍላይዊሉ ከታሰረ በኋላ ሥራው ይቆማል። ሠልጣኙ በዳያል ኢንዲኬተር ዙሪያውን ለክቶ ቁጥሩን በራሱ እጅ በመዝገብ ይጽፋል፤ ሌላ ሠልጣኝ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳያይ ይደግመዋል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ማን እንደተሳሳተ ከመፈለግ በፊት መለኪያው እንዴት እንደተያዘ ይታያል። ካምቢዮው የሚከደነው መምህሩ ፊርማውን ካኖረ በኋላ ነው። መኪናው መሄዱ አሁንም ነጥብ አለው፤ ግን ከመቶ ሃያ ብቻ።

ይህ አሠራር ጊዜ ይወስዳል። በአንድ ሥራ ላይ የግማሽ ቀን ያህል ይጨምራል፤ የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያወጡ ባለሙያዎች ይህን አስቀድመው ካላሰቡበት መምህሩ መዝገቡን ለመሙላት ሲል ሳይለካ እንዲፈርም ይገደዳል። ይህም ከመዝገብ አለመኖር የባሰ ነው። ሠልጣኞች ቁጥሩን እንዲያምኑ ከተፈለገ ደግሞ ጥፋት ያለባቸው ቁጥሮችም በመዝገቡ ሳይሰረዙ መቆየት አለባቸው። ከላይ የተነገረው የፒክአፕ መኪና ስድስት ብሎኖች ዛሬም በዚያው ወርክሾፕ ግድግዳ ላይ በሽቦ ታስረው ተሰቅለዋል።

መሣሪያን በሚመለከት፣ ቶርክ መለኪያ ቁልፍና ዳያል ኢንዲኬተር ለአንድ ወርክሾፕ አንድ አንድ ቢኖሩ ለመጀመር ይበቃሉ። ቶርክ ቁልፉ ከሥራ በኋላ ልኩ ወደ ዝቅተኛው ተመልሶ በሣጥኑ መቀመጥና ብሎን ለመፍታት አለመዋል አለበት፤ አለዚያ ልኩን ያጣል። በጀቱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ቶርክ ቁልፉ ይቅደም፤ ዳያል ኢንዲኬተሩን ከቶርኖ ክፍል መዋስ ይቻላል።